ሦስት መድኃኒት ያላዳነው የጣት እብጠት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው። ከአራት ወር በፊት በቀኝ እጄ ሌባ ጣት ጀርባ ላይ፣ መገጣጠሚያው አካባቢ፣ አተር የምታህል ቀላ ያለች እብጠት ወጣችብኝ። ብዙም አታምም፣ አታሳክክም። መጀመሪያ «ኪንታሮት ነው» ተባልኩ። ከዚያ «ብጉንጅ ነው» ተብሎ አሞክሲሲሊን፣ ቀጥሎም ክሎክሳሲሊን ወሰድኩ። ምንም ለውጥ የለም። «እንግዲያው ፈንገስ ነው» ተብሎ የሚቀባ ተሰጠኝ፤ እሱም እንደዚያው። እብጠቷ ጫፏ ላይ ቆስላ ቅርፊት ያዘች። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ደግሞ በእጄ ጀርባና በክንዴ ላይ ተሰልፈው ሌሎች ሦስት እብጠቶች ወጡ። ትኩሳት የለኝም፣ ስኳርም የለብኝም። ካንሰር ይሆን? ባክቴሪያ ከሆነስ ይህ ሁሉ አንቲባዮቲክ ለምን አላዳነኝም? የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ይተላለፍባት ይሆን? ምናልባት ከጠቀመ፣ ቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ አለኝ፣ የማጸዳውም እኔ ነኝ።

መልስ፦ «ምናልባት ከጠቀመ» ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሁሉ በላይ ጠቅማለች። እኔም ቀና ብዬ የተቀመጥኩት እሷ ጋ ስደርስ ነው።

ሳላይዎትና ሳልዳስስዎት ይህ ነው ብዬ መደምደም አልችልም። ግን ተወራረድ ብባል፣ ገንዘቤን የማስይዘው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም በሚባል ባክቴሪያ ላይ ነው። በሽታውን «የዓሣ ገንዳ ግራኑሎማ» እንለዋለን። ብርቅ ነው። ብርቅ ስለሆነም ብዙ ሕመምተኛ እንደ እርስዎ ወራት ተንከራቶ ነው ስሙን የሚሰማው። ካንሰር ያሉት፣ ከሚነግሩኝ አካሄድ ስነሳ፣ ቀዳሚ ጥርጣሬዬ አይደለም። ለማንኛውም ኋላ የማነሳው ናሙና ሲወሰድ እሱም አብሮ ይታያል፤ እስከዚያ እንቅልፍ አይጡበት።

ይህ ባክቴሪያ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ አምጪዎች ዘመድ ነው። ዘመድነቱ አያስደንግጥዎት፣ ጠባዩ ሌላ ነው። ኑሮው ውሃ ውስጥ ነው፤ በዋናነት የሚያሳምመውም ዓሣን ነው። አሮንሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1926 ፊላደልፊያ ውስጥ ከሞቱ የአኳሪየም ዓሦች ለይቶ አወጣው። ሰውንም እንደሚይዝ የታወቀው ግን ቆይቶ፣ በ1951 ነው። ስዊድን ውስጥ በአንድ መዋኛ ገንዳ የሚጠቀሙ ሰዎች ክርናቸው ላይ የማይድን ቁስል አወጡ፤ የገንዳው ጠርዝ ክርናቸውን ይልጠው ነበር። ለዚህ ነው የበሽታው የድሮ ስም «የመዋኛ ገንዳ ግራኑሎማ» የነበረው። በ1962 ደግሞ ከቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ የተያዘ ሰው ታሪክ ታተመ። ዛሬ መዋኛዎች በክሎሪን ስለሚታከሙ ተራው የዓሣ ገንዳ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከፈረንሳይ የወጣ ጥናት 63 ሕሙማንን ሲመለከት፣ 84 በመቶዎቹ ከዓሣ ገንዳ ጋር ንክኪ ነበራቸው።

የበሽታውን ጠባይ ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃዎታል፤ 30። ባክቴሪያው በደንብ የሚራባው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 37 ላይ ሲደርስ ይዳከማል። የሆድ ዕቃችን 37 ነው፣ ጣቶቻችን ግን ከዚያ ቀዝቀዝ ይላሉ። ስለዚህ ጤናማ ሰው ላይ ሲገባ እጅ ላይ፣ ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ ይቀራል። ወደ ሳንባና ጉበት መዝለቅ አይሆንለትም። ትኩሳት ያልያዘዎት ለዚህ ነው። ዝግመቱም ከዚሁ ይመጣል። ከገባበት ቀን እስከ እብጠቱ መውጫ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ወራት የወሰደበትም አለ። ሰው እስከዚያ ድረስ ጣቱን የጫረችውን ድንጋይ ረስቷታል።

ወደ ክንድዎ እንምጣ። «ተሰልፈው» ያሉት ቃል ትልቅ ፍንጭ ነው። ከጣት ተነስተው ወደ ክርን የሚሄዱ የሊምፍ ቱቦዎች አሉ። ዓይን አያያቸውም። ባክቴሪያው እነሱን እንደ መንገድ ይዞ ሲወጣ፣ በየጣቢያው አንድ አንድ እብጠት ይተክላል። እንዲህ በሰልፍ የሚሄዱ በሽታዎች ብዙ አይደሉም፣ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። አንዱ የእርስዎ ተጠርጣሪ ነው። ሌላው ስፖሮትሪክስ የሚባል ፈንገስ ነው፤ እሾህ የወጋቸውን፣ አፈርና ደረቅ ሣር የሚነኩትን ሰዎች ይይዛል። ኖካርዲያም አለ፤ እሱም የአፈር ባክቴሪያ ነው፣ በእሾህና በስንጥር ይገባል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው ቁንጭርም አንዳንዴ እንዲህ ይሰለፋል። አራቱ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። መድኃኒታቸው ግን አራት ዓይነት ነው።

ታዲያ በምን እንለያቸዋለን? ላቦራቶሪው ከመድረሱ በፊት በጥያቄ ነው። «እጅዎ ምን ሲሠራ ይውላል?» እላለሁ። አትክልት ይኮተኩታሉ? ድመት ቧጥጦዎታል? ዓሣ ይገነጥላሉ? ባለፉት ስድስት ወራት የት የት ሄዱ? ሥራዎን ብቻ ሳይሆን የትርፍ ጊዜዎን እጠይቃለሁ። «የባንክ ሠራተኛ ነኝ» ያለ ሰው ማታ ማታ ገንዳ እንደሚያጥብ አይነግረኝም፤ ምክንያቱም ሥራ አይመስለውም። በነገራችን ላይ ጥፋቱ የሕመምተኛው አይደለም። ያልተጠየቀ ሰው ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

አሁን «አንቲባዮቲኩ ለምን አላዳነኝም» ወደሚለው። አሞክሲሲሊንና ክሎክሳሲሊን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ፔኒሲሊን ናቸው። የተራ ብጉንጅ ባክቴሪያን ግድግዳውን አፍርሰው ይገድላሉ። የእርስዎ ተጠርጣሪ ግን ግድግዳው ሰም የተለበጠ ያህል ነው። በዚያ ላይ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል። እንኳን ሁለት ዙር፣ ዓመቱን ሙሉ ቢውጡት ዋጋ የለውም። የፈንገስ ቅባቱም ቢሆን ከላይ ቆዳ ላይ ይቀራል እንጂ ጠልቆ ያለ ነገር ጋ አይደርስም። ስለዚህ ቅባቱ አለመሥራቱ «ፈንገስ አይደለም» ማለትም አይደለም።

መጀመሪያ ያዩዎትን ሐኪሞች ለመውቀስ አልቸኩልም። ጣት ላይ የወጣ ቀይ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ሙከራ ልክ ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። አንድ ቁስል በትክክል በተወሰደ አንቲባዮቲክ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ንቅንቅ ካላለ፣ ሌላ ክኒን መቀየር ሳይሆን ናሙና መውሰድ ነው ያለብን። በየጊዜው መድኃኒት በቀየርን ቁጥር ላቦራቶሪው ውስጥ የሚበቅለውን ነገር እያደበዘዝነው ነው የምንሄደው።

አንድ ነገር አደራ። እስከዚያ ድረስ ስቴሮይድ (የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ቅባት እንዳይቀቡ። መርፌውንማ በፍጹም። ይህ በሽታ መገጣጠሚያ አጠገብ ሲወጣ ሪህ እየመሰለ ስቴሮይድ የተወጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለጥቂት ቀናት እብጠቱ ይሰክናል፣ ሰውም «ተሻለኝ» ይላል። ከዚያ ጠልቆ ጅማት ውስጥ ይገኛል።

ናሙናው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነውና። ከቁስሉ ላይ በጥጥ ጠርጎ መውሰድ አይጠቅምም፤ ከቆዳ ላይ ያለውን ተራ ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው። የሚያስፈልገው ባዮፕሲ ነው። በማደንዘዣ ከእብጠቱ ጠርዝ፣ በጥልቀት፣ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆን ሥጋ ይወሰዳል። ያ ቁራጭ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ገብቶ በማይክሮስኮፕ ለሚያየው የፓቶሎጂ ሐኪም ይሄዳል። ሌላው ፎርማሊን ሳይነካው፣ በንጹሕ ጨዋማ ውሃ በራሰ የቁስል ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማብቀል፣ ይሄዳል።

ይህን የማጠብቀው ተቃጥዬ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ልክ እንደ እርስዎ ክንዱ ላይ እብጠት የተሰለፈበት ሰው መጣ። ደስ ብሎኝ ባዮፕሲውን ወሰድኩ። ሁለቱንም ቁራጭ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ፎርማሊን ውስጥ። ፎርማሊን ሁሉን ነገር ይገድላል፣ ካልቸር ብሎ ነገር የለም። ሰውየውን ደውዬ ጠርቼ እንደገና ቆረጥኩት። ሁለተኛዋ ጠባሳ የበሽታው አይደለችም፣ የኔ ናት።

ከናሙናው ጋር የሚሄደው ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ መስመር መጻፍ አለበት። «የዓሣ ገንዳ ያጸዳል፣ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም ተጠርጥሯል፣ በ30 ዲግሪ ይበቅል።» ይህ መስመር ከሌለ ላቦራቶሪው እንደልማዱ 37 ዲግሪ ላይ ያስቀምጠዋል። ባክቴሪያው እዚያ በወጉ አያድግም፤ «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይመጣል። ባክቴሪያው ግን እዚያው ሳህኑ ላይ ሙቀት በዝቶበት ተቀምጧል። በልኩ ሲቀመጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይበቅላል። ቢሆንም ባዶ ነው ከማለት በፊት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ ነው። ሲያድግ ደስ የሚል ነገር ያሳያል፤ ጨለማ ውስጥ ነጣ ብሎ ይቆይና ብርሃን ሲነካው ቢጫ ይሆናል። የላቦራቶሪ ሰዎች በመብራት ይፈትኑታል።

ከፓቶሎጂ «ግራኑሎማ አለ» የሚል መልስ ቢመጣ እዚያ ላይ አያቁሙ። ግራኑሎማ ማለት ሰውነት ሊገድለው ያልቻለውን ነገር ከቦ ያሰረበት ጉብታ ነው። በቲቢም፣ በፈንገስም፣ በሌላም ይታያል። በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያውን ራሱን ማየት ብዙ ጊዜ አይቻልም፣ በቁጥር ትንሽ ነውና። ሌላም ወጥመድ አለ። የቲቢ የቆዳ ምርመራም ሆነ በደም የሚሠራው አዲሱ ምርመራ፣ በዚህ ባክቴሪያም የተነሳ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የሚለዩበት ፕሮቲን የጋራ ነው። ሳል የሌለው፣ ሳንባው ንጹሕ የሆነ ሰው በዚያ ወረቀት ብቻ ተይዞ የቲቢ መድኃኒት ሲጀምር አይቻለሁ። የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚፈልግ የዘር ምርመራ የሚሠራበት ቦታ ከተገኘ መልሱን ያፈጥነዋል። የቲቢውን ብቻ የሚፈልገው የዘር ምርመራ ግን ይህኛውን አያገኘውም፤ ኔጌቲቭ መሆኑ ተጠርጣሪያችንን ነጻ አያወጣውም።

አሁን እዚያው የተቀመጡበት አንድ ፈተና ይሥሩልኝ። ቀኝ እጅዎን ሙሉ በሙሉ ይጨብጡ። ሌባ ጣትዎ ከሌሎቹ እኩል መዳፍዎን ይነካል? ሲያጥፉትና ሲዘረጉት ያምዎታል? ጣቱ በሙሉ አብጧል? ከተቸገሩ ነገሩ ከቆዳ አልፎ የጅማት ሽፋን ወይም መገጣጠሚያ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኤምአርአይና የእጅ ቀዶ ሐኪም ያስፈልጋሉ። የሕክምናው ርዝመትም ይለወጣል። ሌላው ልጠይቅዎት የምፈልገው፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ወይም ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ቁጣ የሚሰጡ እንደ አዳሊሙማብ ያሉ መርፌዎች ይወስዳሉ ወይ ነው። በሽታ የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ላይ ይህ ባክቴሪያ እጅ ላይ ልቅር አይልም። የኤችአይቪ ምርመራም አደርግልዎታለሁ፤ ሰው ጠርጥሬ ሳይሆን ለዚህ በሽታ ወጉ ስለሆነ።

ሕክምናው ይሠራል። ትዕግሥት ነው የሚጨርሰው። የተለመደው መንገድ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ መስጠት ነው። እኔ ከቆዳ ላላለፈ በሽታ ክላሪትሮማይሲንን ከኢታምቡቶል ጋር እመርጣለሁ። ጅማት ወይም አጥንት ከተነካ ሪፋምፒሲን ይጨመራል። አንዲት እብጠት ብቻ ያለችበትን ሰው በዶክሲሳይክሊን ወይም በሚኖሳይክሊን ብቻ የሚያክሙ ሐኪሞች አሉ፣ ይድናልም። እርስዎ ግን አራት ስለሆኑ በአንድ መድኃኒት አልተማመንም። ጊዜው እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ተጨማሪ አንድ ወይም ሁለት ወር ነው። በድምሩ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይሆናል። የጠለቀ ከሆነ ከዚያም በላይ።

አንድ ነገር በደንብ ይያዙልኝ። «የቲቢ ዘመድ ነው» ስለተባለ የተለመደው የቲቢ ጥቅል አይሰጥም። ከዚያ ጥቅል ውስጥ አይሶናያዚድና ፒራዚናማይድ ይህን ባክቴሪያ በወጉ አይነኩትም። ጉበትዎን ብቻ ያደክማሉ።

መድኃኒቶቹ የየራሳቸው አመል አላቸው። ኢታምቡቶል ዓይንን ሊነካ ይችላል፤ በተለይ ቀይና አረንጓዴን መለየት ሲያስቸግር ይጀምራል። ከመጀመርዎ በፊት ዓይንዎ ይታይ፣ በየወሩም ይደገም። ቀለም ደብዘዝ ካለብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ይደውሉ። ክላሪትሮማይሲን አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል። እንደ ሲምቫስታቲን ካሉ የኮሌስትሮል ክኒኖች ጋር አይስማማም፤ የልብ ምት ችግር ላለበትም ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሪፋምፒሲን ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ ጉዳት አይደለም፣ ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ደም መስሎት ይደነግጣል። የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያረክሳል። በደም ውስጥ ያለውን የክላሪትሮማይሲን መጠንም ዝቅ ያደርጋል፤ ሦስቱን በዘፈቀደ የማልደርበው ለዚህ ነው። የሚወስዱትን ሁሉ፣ የራስ ምታቱንም ሳይቀር፣ ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ያኔ ነው። እኔ የምለው፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ እዚያው መብራት ሥር፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በየቀኑ መስታወት ፊት የሚያዩት ነገር አይለወጥም፤ የአምስተኛውን ሳምንት ፎቶ ከመጀመሪያው ጎን ሲያስቀምጡ ግን ይታያል። መጀመሪያ ቅላቱ ይረግባል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ ይጎደጉዳል። ጠባሳ ሊተው ይችላል። እርስዎ ግን አይጭመቁት፣ አይብጡት።

ቅድም «ውርርድ» ያልኩት የምሸነፍበትም መንገድ ስላለ ነው። ዓሣ የሚነኩ ሰዎች እጅ ላይ የሚወጣ ኤሪሲፔሎይድ የሚባል ሌላ ብርቅ በሽታ አለ። እሱ ግን በሁሉም ነገር የእርስዎ ተቃራኒ ነው። በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም አለው፣ ከሚታየው በላይ ያቃጥላል፣ ለፔኒሲሊንም ይበረግጋል። ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው አሞክሲሲሊን በተሰናበቱት። የታመመ ወይም የሞተ እንስሳ፣ ቆዳ ወይም ሱፍ የነካ ሰው ላይ ደግሞ አባሰንጋን አስባለሁ። መሐሉ ጥቁር ቅርፊት፣ ዙሪያው እብጥ ያለ፣ ሕመም የሌለው ነው። እሱን መቅደድና መጭመቅ ክልክል ነው። የዋናው ተጠርጣሪያችን፣ የማሪነም፣ ዘመዶችም አሉ፤ እግርን ለማስዋብ በሚነከርበት ሳህን የሚመጡ። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ከመቶ በላይ ደንበኞች በማይኮባክቴሪየም ፎርቹይተም እግራቸው ቆስሏል፤ የውሃው ማጣሪያ ሥር የተጠራቀመ ፀጉርና ቆሻሻ ነበር መነሻው። ከመነከራቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ የተላጩት ይበልጥ ተጎድተዋል።

አንዱ ግን ለሰዓታት እንኳን አይጠበቅም። የባሕር ውሃ የነካው ቁስል በአንድ ቀን ውስጥ እየሰፋ፣ ደም የቋጠረ ውሃ እየያዘ፣ ሕመሙ ከመልኩ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ጉበቱ የታመመ ሰው ላይ፣ ያ ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የሚባል የባሕር ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሕይወት ይቀጥፋል፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እርስዎም ትኩሳት ከመጣብዎ፣ ጣቱ ካበጠና መታጠፍ ከተሳነው፣ ወይም ቅላቱ በሰዓታት ውስጥ ከሰፋ፣ የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ አይጠብቁ።

ልጅዎን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለኝ። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሊያቅፏት ይችላሉ፣ አብረዋት ሊተኙም ይችላሉ። ሊይዛት የሚችለው እንደ እርስዎ ከገንዳው ነው። ስለዚህ ከእርስዎ ሳይሆን ከገንዳው ያርቋት፤ በተለይ የተጫረ እጅ ካላት። የገንዳውን ድንጋይና ማጣሪያ እሷ በምትታጠብበት ገንዳ ወይም ሳህን በምታጥቡበት ቦታ አያጽዱ። ውሃ ለመቅዳት ቱቦ በአፍ መሳብም ይቅር። ከዚህ ቀደም እጇን ነክራ ከነበረ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎም፤ ጣቷ ላይ ሳምንታት የቆየ ነገር ካዩ ብቻ ሐኪም ያሳዩ፣ ገንዳውንም ይጥቀሱ።

ገንዳውን ውሃ በመቀየር ብቻ አያጸዱትም። ባክቴሪያው ድንጋዩና ማጣሪያው ላይ ባለው ልስልስ ሽፋን ውስጥ ነው የሚኖረው። ከስቶ የተጎበጠ ወይም ቆዳው የቆሰለ ዓሣ ካለ ለይተው ያውጡት፤ በባዶ እጅ ግን አይንኩት። ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ ውሃው ውስጥ እንዳይጨምሩ፤ ቀጥሎ የሚይዝዎት መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይሆናል። ሲያጸዱ እስከ ክርን የሚደርስ ያልተቀደደ ጓንት ያድርጉ፣ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ሕክምናው እስኪያልቅ ግን ጓንትም ቢኖርዎ ሥራውን ለሌላ ሰው ይስጡት። ዓሦቹን መጣል አያስፈልግዎትም።